አዲስ የፖሊሲ ግዴታና የመንግሥት ወጪ፦ የኢትዮጵያ ልምድ ሲዳሰስ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለ2016 በጀት ዓመት ያጸደቀው የፌዴራል መንግሥት በጀት 801.65 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ለ2018 በጀት ዓመት ያጸደቀው ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ደርሷል። በመካከሉ ላለው የ2017 በጀት ዓመት መጀመሪያ 971.2 ቢሊዮን ብር ከተፈቀደ በኋላ፣ ዓመቱ ሳይጋመስ በኅዳር ወር ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ታክሎበታል። የመንግሥት ወጪ እንዲህ በፍጥነት ሲያድግ በተለምዶ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ መንግሥት አዳዲስ የፖሊሲ ውሳኔዎችን በማሳለፉ ውሳኔዎቹ ወጪ አስከተሉ የሚል ነው። ማብራሪያው ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። በኢትዮጵያ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የታየው ሂደት በቅርብ ሲመረመር፣ የፖሊሲ ግዴታ ከወጪ ቀድሞ ማደጉ፣ በግዴታውና በተከፈለው ገንዘብ መካከል የተፈጠረው ክፍተትም ለዓመታት ከበጀት ሰነዱ ውጭ ሲጠራቀም መኖሩ ይታያል። ከቅርብ ዓመታት የበጀት ዕድገት ውስጥም ቀላል የማይባለው ክፍል አዲስ ቃል የወለደው ሳይሆን፣ የቆየ ቃል ዘግይቶ ወደ ሒሳብ መዝገብ የገባበት ነው።

የጥያቄው ወሰን

የፖሊሲ ግዴታ የሚባለው መንግሥት በሕግ፣ በዕቅድ፣ በውል ወይም በይፋ በተነገረ ውሳኔ አንድን አገልግሎት ለመስጠት፣ አንድን ክፍያ ለመፈጸም ወይም የሌላ አካልን ዕዳ ለመሸፈን የገባው ቃል ነው። የመንግሥት ወጪ ደግሞ ከሐምሌ 1 ጀምሮ በሚቆጠረው የበጀት ዓመት ውስጥ በተጨባጭ የተከፈለው ገንዘብ ነው። ግዴታው በአንድ ቀን ሊወለድ ይችላል፤ ወጪው ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ተከትሎት ሊዘልቅ፣ አንዳንዴም በቂ ገንዘብ ሳይመደብለት ሊቀር ይችላል። የበጀት አሠራሩ ወጪን መደበኛና ካፒታል ብሎ የሚከፍል ሲሆን፣ መደበኛ ወጪ ደመወዝን፣ የሥራ ማስኬጃን፣ ድጎማንና የዕዳ ክፍያን፣ ካፒታል ወጪ ደግሞ መንገድን፣ ሕንፃን፣ ግድብንና የመሳሰለውን ግንባታ ይይዛል። ይህ ክፍፍል ለጉዳዩ ቁልፍ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው አዲስ ፖሊሲ ለሕዝብ የሚተዋወቀው በካፒታል ወጪው ሲሆን፣ በጀቱን ለዘለቄታው የሚጫነው ግን ግንባታው ካለቀ በኋላ የሚመጣው መደበኛ ወጪ ነው።

የምሁራን ማብራሪያዎች

የመንግሥት ወጪ ለምን እንደሚያድግ ከተሰጡት ማብራሪያዎች ቀዳሚው የጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ የአዶልፍ ዋግነር ነው። ዋግነር በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፣ ኅብረተሰቡ በኢንዱስትሪ እያደገ ሲሄድ ከመንግሥት የሚጠብቀው አገልግሎትም እየሰፋ ስለሚሄድ፣ የመንግሥት ወጪ ከምርቱ ፈጥኖ ያድጋል። ብሪታንያውያኑ አላን ፒኮክና ጃክ ዋይዝማን እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ወጪ የሚያድገው በዝግታ ሳይሆን እንደ ጦርነት ባሉ ቀውሶች ወቅት በመዝለል መሆኑን፣ ቀውሱ ካለፈም በኋላ ወደ ቀድሞ ደረጃው እንደማይመለስ አመልክተዋል። አሜሪካዊው ዊልያም ቦሞል በበኩሉ፣ እንደ ትምህርትና ሕክምና ያሉ በሰው ጉልበት ላይ የተመሠረቱ አገልግሎቶች ምርታማነታቸው በማሽን ቶሎ ስለማይጨምር፣ የአገልግሎቱ መጠን ባይሰፋም እንኳ ዋጋቸው እየናረ እንደሚሄድ አስረድቷል። የበጀትን ፖለቲካ ያጠናው አሮን ዊልዳቭስኪ ደግሞ ባለሥልጣናት በየዓመቱ በጀትን ከባዶ እንደማይሠሩና ያለፈውን ዓመት መነሻ አድርገው በላዩ ላይ ብቻ እንደሚከራከሩ አሳይቷል፤ በዚህም የተነሣ አንድ ጊዜ በጀት ውስጥ የገባ ፕሮግራም ከጥያቄ ነጻ ይሆናል።

እነዚህ ማብራሪያዎች በኢትዮጵያም ምልክታቸው ይታያል። የሰሜኑ ጦርነት በተካሄደበት በ2014 በጀት ዓመት ለጸደቀው 561.7 ቢሊዮን ብር በዓመቱ አጋማሽ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት የተፈቀደ ሲሆን፣ የቀጣዩ ዓመት በጀትም ወደ ቀድሞው በመመለስ ፈንታ 786.6 ቢሊዮን ብር ሆኗል። ይሁን እንጂ ዋግነርም ሆነ ተከታዮቹ እንደ ዋዛ የወሰዱት አንድ መነሻ አለ፤ እርሱም ኢኮኖሚው ሲያድግ ግብሩም አብሮ ያድጋል የሚለው ነው። በኢትዮጵያ የሆነው ተቃራኒው ነው። በ2007 ዓ.ም. አካባቢ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 12 በመቶ ያህል የነበረው የታክስ ገቢ፣ በ2016 ዓ.ም. ወደ 7 በመቶ አካባቢ ወርዷል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ጥያቄ ግዴታ ወጪን እንዴት ያሳድጋል የሚል ብቻ ሳይሆን፣ ገቢ ሳይከተለው የሚያድግ ግዴታ በማን ኪስ ይከፈላል የሚልም ነው።

ከአገልግሎት ተስፋ የሚመጣ ወጪ

በኢትዮጵያ ወጪን የማሳደግ ግዴታ ከፖሊሲም ከፍ ብሎ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፏል። በአንቀጽ 41 መሠረት መንግሥት የጤና፣ የትምህርትና ሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶችን ለሕዝብ ለማቅረብ በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት። ድንጋጌው መጠንም ገደብም አላስቀመጠም፤ አቅጣጫውን ግን ያለ ማወላዳት ወስኗል።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የዚህ አቅጣጫ ትልቁ ማሳያ ነው። ፖሊሲው ተማሪዎች እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲማሩ በመወሰኑ፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በጥቂት ሚሊዮኖች ከሚቆጠርበት ተነሥቶ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በብዙ እጥፍ አድጓል። ለግንባታው የአካባቢው ሕዝብ በገንዘብና በጉልበት ያዋጣ፣ ለጋሾችም ያገዙ ሲሆን፣ የመምህሩን ደመወዝ፣ መጽሐፉንና ጥገናውን ግን በየዓመቱ የሚሸከመው የመንግሥት መደበኛ በጀት ነው። ከፍተኛ ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባና በዓለማያ ሁለት ብቻ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው የግንባታ ወጪ አንድ ጊዜ ሲሆን፣ የመምህራኑ ደመወዝ፣ የተማሪው መኝታና ምግብ ግን ተቋሙ እስካለ ድረስ አይቋረጥም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ተመራቂው ድርሻውን ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲከፍል ስለሚያደርግ፣ የዕለቱን ወጪ አይቀንስም።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ተመሳሳይ መዋቅር አለው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ ሠርቶ ሁለት ሁለት ሠራተኞችን በመመደብ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በደመወዝ ቀጥሯል። የሕፃናት ሞትን በመቀነስ ረገድ ያስገኘው ውጤት በስፋት የሚመሰከርለት ሲሆን፣ በበጀት ዓይን ሲታይ ግን ውሳኔው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ቋሚ ደመወዝተኞችን ወደ ወረዳዎች የክፍያ ዝርዝር ያስገባ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግሞ የተለየ ዓይነት ግዴታ ፈጥሯል፤ አባላቱ መዋጮ ቢከፍሉም መንግሥት ለሁሉም አባላት ጠቅላላ ድጎማ የሚያደርግ፣ መክፈል የማይችሉትንም ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን በመሆኑ፣ አባላቱ በበዙ ቁጥር የመንግሥት ድርሻም ይጨምራል። እንዲህ ባለው ግዴታ የወጪውን መጠን የሚወስነው የበጀት ባለሙያው ሳይሆን የተጠቃሚው ቁጥር ነው።

ደመወዝና ድጎማ

በአገልግሎት ግዴታ ውስጥ ተሸፍኖ የሚኖረው ትልቁ ወጪ ደመወዝ ነው። በመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል ዝቅተኛው ወርኃዊ ክፍያ 1,100 ብር ሆኖ ለዓመታት የቆየ ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ፣ በተለይም በ2014 እና በ2015 ዓ.ም.፣ የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የደረሰበት ወቅት ነበር። መንግሥት ሠራተኛ መቅጠሩን ሳያቆም ደመወዙን ባለበት ማቆየቱ፣ የአገልግሎቱ ዋጋ በሠራተኛው ኑሮ እንዲከፈል አድርጓል። በ2017 ዓ.ም. ዝቅተኛው ደመወዝ ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል፣ የሁለተኛው ጭማሪ ዓመታዊ ወጪ ብቻ 160 ቢሊዮን ብር ያህል እንደሆነ መንግሥት አስታውቋል። ጭማሪው በዚህ አይቆምም፤ መንግሥት እንደ አሠሪ ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ በደመወዙ ልክ የሚሰላ በመሆኑ፣ የጭማሪው እያንዳንዱ 100 ብር 11 ብር አስከትሎ ይመጣል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምግብ በጀትም ይህንኑ ሂደት በትንሹ ያሳያል። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው ገንዘብ ለረጅም ጊዜ 15 ብር፣ ኋላም 22 ብር ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር አድጓል። ተማሪን መመገብ አዲስ ፖሊሲ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር ዋጋው በበጀቱ ውስጥ መታየቱ ነው።

ድጎማ ከደመወዝ የሚለየው መጠኑ ከአገር ውጭ በሚወሰኑ ዋጋዎች የሚወሰን በመሆኑ ነው። መንግሥት ነዳጅን ከገዛበት ዋጋ በታች ለመሸጥ ሲወስን የሚገባው ቃል የገንዘብ መጠን ሳይሆን የችርቻሮ ዋጋ ስለሆነ፣ የዓለም ገበያው በናረ ወይም ብር በተዳከመ ቁጥር ልዩነቱ ሳይጠየቅ በዕዳ መልክ ይከማቻል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የተጀመረው የታለመ የነዳጅ ድጎማ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎችን ብቻ በመለየት ይህን ሸክም ለማቅለል የታሰበ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የነዳጅ፣ የማዳበሪያ፣ የመድኃኒትና የምግብ ዘይት ድጎማም ከደመወዝ ጭማሪው ጋር የ2017ቱ ተጨማሪ በጀት ዋነኛ ምክንያት ሆነ። አንድ የፖሊሲ ውሳኔ የሌሎችን ነባር ግዴታዎች ዋጋ እንዴት እንደሚለውጥ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ከበጀት ሰነዱ ውጭ የኖሩ ግዴታዎች

እስካሁን የተነሡት ግዴታዎች ቢዘገዩም በበጀት ሰነድ ውስጥ ስም አላቸው። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የተተገበረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ግን ከያዛቸው ታላላቅ ግንባታዎች ብዙዎቹን ያስፈጸመው በመንግሥት የልማት ድርጅቶች በኩል ነው። የባቡር መስመሩ፣ አዳዲሶቹ የስኳር ፋብሪካዎች፣ የያዩ የማዳበሪያ ፋብሪካና የኃይል ማመንጫዎቹ ገንዘብ በአብዛኛው የመጣው ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ከውጭ አበዳሪዎች ስለነበረ፣ ምክር ቤቱ በየዓመቱ በሚያጸድቀው በጀት ውስጥ ተመጣጣኝ ስፍራ አልነበራቸውም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው የታላቁ የሕዳሴ ግድብም ሲጀመር 80 ቢሊዮን ብር ያህል እንደሚፈጅ ተገምቶ በአገር ውስጥ ብድርና ከሕዝብ በተሰበሰበ የቦንድ ገንዘብ የተሠራ ነው። በዚያው ዓመት የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ ሰነድ ግዢ እንዲያውሉ የተጣለባቸውና እስከ 2012 ዓ.ም. የዘለቀው ግዴታም፣ መንግሥት በግብር ሊሰበስብ ያልቻለውን ሀብት በሌላ መንገድ ያገኘበት ነው።

የመንግሥት ፋይናንስ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ኃላፊነት ሁኔታ ጠባቂ ዕዳ ይሉታል፤ ተበዳሪው ድርጅት መክፈል እስከቻለ ድረስ የመንግሥት ወጪ የማይሆን፣ ሲያቅተው ግን ሙሉ በሙሉ የመንግሥት የሚሆን ዕዳ ማለት ነው። ከስኳር ፋብሪካዎቹ በርካቶቹ በወቅቱ ሳያልቁ፣ የያዩ ፋብሪካም ተጀምሮ ሲቀር፣ የሚጠበቀው ሁኔታ ደረሰ። በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የድርጅቶቹን ዕዳ ተረከበ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ለንግድ ባንክ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ቦንድ በማውጣት ዕዳውን ወደ ራሱ አዞረ። ከአሥር ዓመት በፊት ከበጀት ውጭ የተገባው ቃል የቦንድ ወለድና ዋና ገንዘብ ሆኖ በመደበኛ በጀት ውስጥ የታየው በዚህ መንገድ ነው። በውጭ ዕዳውም በኩል፣ በ2007 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በ2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር የሚሆነው ወለዱ ሳይከፈል መቅረቱ፣ ያለፉ ግዴታዎች የደረሱበትን ጫፍ አሳይቷል።

ወደ ታች የተላለፈው ሸክም

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 94 የፌዴራል መንግሥትና ክልሎች በሕግ የተሰጧቸውን ተግባራት ለማከናወን የሚያስፈልገውን ወጪ በየበኩላቸው እንዲሸፍኑ፣ በውክልና የሚሠራውን ሥራ ወጪ ደግሞ የተለየ ስምምነት ከሌለ ውክልና ሰጪው እንዲሸፍን ይደነግጋል። በተግባር ግን ትልልቆቹ ማኅበራዊ ፖሊሲዎች በፌዴራል ደረጃ ተነድፈው በወረዳ ደረጃ ይፈጸማሉ። በ1994 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ለወረዳዎች ጥቅል ድጎማ፣ ማለትም ለየትኛው ሥራ እንደሚውል አስቀድሞ ያልተወሰነ ገንዘብ፣ እንዲሰጣቸው አድርጓል። ይሁንና መምህሩም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም፣ የግብርና ባለሙያውም ከዚሁ ድጎማ የሚከፈላቸው በመሆኑ የወረዳ በጀት አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል፤ ለጠመኔ፣ ለመድኃኒትና ለነዳጅ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በነጻ ይሰጣል የተባለው ትምህርት በወላጆች መዋጮ የሚደጎመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ለማዳበሪያ ግዢ ከባንክ የሚወሰደው ብድር በክልሎች በጀት ዋስትና የተያዘ በመሆኑ፣ ከገበሬው ያልተሰበሰበው ዕዳ ከድጎማው ሲቆረጥ አንዳንድ ወረዳዎች የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ በወቅቱ መክፈል እስኪያቅታቸው ደርሰዋል። ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. የሲዳማ፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያና የደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች መመሥረትም ራስን በራስ የማስተዳደር ጥያቄ የመለሰ ውሳኔ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ አዲስ ክልል ምክር ቤት፣ ቢሮዎችና ርዕሰ ከተማ የሚያስፈልጉት በመሆኑ የአስተዳደር ወጪን ከፍ አድርጓል።

የበጀቱ ቁጥሮች ምን ያሳያሉ

የወጪው ዕድገት ከፖሊሲ ይልቅ የዋጋ ንረትና የምንዛሬ ለውጥ ውጤት ነው የሚል ተቃራኒ ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል፤ ሐሳቡም መሠረት አለው። በብር ሲቆጠር በእጥፍ ያደገ በጀት የመግዛት አቅሙ በእጥፍ አድጓል ማለት አይደለም፤ የ2018ቱ በጀት በዶላር ሲመነዘር ከ2016ቱ አይበልጥም። የበጀቱ ውስጣዊ አወቃቀር ግን ንረት ብቻውን የማያስረዳውን ለውጥ ያሳያል። መጀመሪያ ከጸደቀው የ2017 በጀት ውስጥ መደበኛ ወጪ 451.3 ቢሊዮን ብር፣ ማለትም 46 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ካፒታል 283.2 ቢሊዮን፣ የክልሎች ድጎማ 222.7 ቢሊዮን ብር ነበር። በ2018 መደበኛ ወጪው ወደ 1.2 ትሪሊዮን ብር ተጠግቶ ከ60 በመቶ በላይ ሲይዝ፣ የካፒታል ድርሻ ከ29 በመቶ ወደ 22 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል። ንረት ሁሉንም ርዕሶች አብሮ የሚያሳድግ በመሆኑ እንዲህ ያለው የድርሻ ለውጥ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ደመወዝ፣ ድጎማና ዕዳ፣ ማለትም ቀደም ሲል የተገቡ ግዴታዎች፣ በእውነተኛ ዋጋቸው መመዝገብ መጀመራቸው ነው።

ግዴታ ሁሉ እኩል አይጫንም

ከዚህ ተነሥቶ አዲስ ግዴታ ሁሉ ጎጂ ነው ማለት አይቻልም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በየዓመቱ በልመና ይሰበሰብ የነበረውን የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ በታወቀና በታቀደ ክፍያ የተካ በመሆኑ፣ ያልታሰበ ወጪን ወደ ታሰበ ወጪ ለውጧል። አብዛኛው ገንዘቡ ከለጋሾች የመጣ መሆኑ ግን የራሱ ሥጋት አለው፤ ለጋሹ በሄደ ጊዜ ግዴታው ከመንግሥት ጋር ይቀራል።

የበለጠ አስተማሪው የመንገድ ዘርፍ ነው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር 26,550 ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የአገሪቱ መንገድ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል። ፕሮግራሙን ከሌሎች የሚለየው በዚያው ዓመት የመንገድ ፈንድ መቋቋሙና ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ እንዲሰበሰብ መደረጉ ነው። ፈንዱ የጥገናውን ፍላጎት ሁሉ ባይሸፍንም፣ ግንባታው የሚያስከትለው መደበኛ ወጪ ከየት እንደሚመጣ ከግንባታው ጋር አብሮ ታስቦበታል። በስኳርና በዩኒቨርሲቲ ግንባታ የጎደለው ይህ ነው።

ግዴታን አስቀድሞ የመመዘን አሠራር

አንዳንድ አገሮች ይህን ክፍተት የሚዘጉት አዲስ ሕግ ከመጽደቁ በፊት የብዙ ዓመት ወጪው በገለልተኛ አካል እንዲሰላ በማድረግ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የምክር ቤቱ የበጀት ቢሮ ይህን ሥራ የሚሠራ ሲሆን፣ ጎረቤት ኬንያም ለፓርላማዋ የበጀት ቢሮ አቋቁማለች። በኢትዮጵያ የገንዘብ ሚኒስቴር የመካከለኛ ዘመን የፊስካል ማዕቀፍ፣ ማለትም የሚቀጥሉትን ዓመታት ገቢና ወጪ የሚተነብይ ሰነድ ያዘጋጃል፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮም በጀት ከውጤት ጋር በተያያዘ የፕሮግራም በጀት አሠራር ይዘጋጃል። በምክር ቤቱ የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በጀቱን ይመረምራል፤ ዋና ኦዲተርም የወጣውን ገንዘብ ይመረምራል። መሣሪያዎቹ ቢኖሩም ሁሉም ዓይናቸውን የሚጥሉት በዓመቱ በጀት ወይም ባለፈው ሒሳብ ላይ ነው፤ ግዴታው በሚወለድበት ቅጽበት፣ ማለትም አዋጁ ሲጸድቅ፣ ዋስትናው ሲፈረም ወይም የችርቻሮ ዋጋው ሲወሰን የሚመዝን አካል የለም።

ከዳሰሳው የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። የአንድ ፖሊሲ ዋጋ በተጀመረበት ዓመት በተመደበለት ገንዘብ አይለካም፤ የሚለካው ግንባታው ባለቀ፣ ለጋሹ በወጣና ዋጋ በተለወጠ ጊዜ በሚቀረው ክፍያ ነው። ክፍያው ከግብር ካልተገኘ ግዴታው አይሰረዝም፤ በቀለጠ ደመወዝ፣ በወረዳ ባዶ ካዝና፣ በወላጅ መዋጮና በመንግሥት ባንክ የዕዳ መዝገብ ይከፈላል፤ ቆይቶም ተጨማሪ በጀት ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ የበጀቱን ቁጥር በማየት ብቻ መንግሥት ብዙ ያወጣል ወይም ጥቂት ያወጣል ብሎ መከራከር የጉዳዩን ግማሽ ይስታል። ምክር ቤቱ ለአዲስ ፖሊሲ እጁን ከማንሣቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው በአምስተኛውና በአሥረኛው ዓመት ማን፣ ከየትኛው ገቢ ይከፍላል የሚለው ነው፤ የታክስ ገቢው በ2016 ዓ.ም. ከምርቱ 7 በመቶ አካባቢ በነበረበት አገር ደግሞ ይህ ጥያቄ ለነገ የሚባል አይደለም።